በጀርባዬ ያስገባሁት ወንድሜ

ወንድሜ ፉቁም በምትባል የዐረብ አገር የዓሣ አጥማጆች መንደር የጀልባ ሞተር ይጠግን ነበር። ከኩላሊቱ የተነሳው ካንሰር አከርካሪው ላይ ከደረሰ በኋላም መራመድ አላቆመም። ዱላ ይዞ፣ መንገድ ላይ እያረፈ፣ መስጊድ ደርሶ ይመለስ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንዲታወቅ ብዬ ነው። ይራመድ ነበር።

የአከርካሪ ሐኪሙ የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። የሆስፒታሉ ኮሪደር ይሞላል። እኛ ያለንበት ክሬተር ሰፈር ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፤ በእግሩ የገባ በሽተኛ ይጠብቃል፣ በሸክም የገባ ይቀድማል። እናቴም "በእግሩ እንዳታስገባው፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም" አለችኝ። ስለዚህ ከሚኒባሱ ስንወርድ አዘልኩት።

"አውርደኝ፣ ሰው ያየናል" አለ።

"ዝም በል ጋሼ። ለዛሬ ትንሽ ታመም።"

"እኔስ ከታመምኩ ቆየሁ። አንተ አህያ መሆንህን ነው ዛሬ ያወቅኩት።"

ሳቀ። ሲስቅ ጀርባውን ስለሚያመው ትከሻዬን ጨመደደው። እውነትም ወዲያው አስገቡን።

ሐኪሙ የጀርባውን ኤምአርአይ አየና አንድ ሰንጠረዥ አወጣ። ካንሰሩ ከየት ተነሳ፣ ስንት አጥንት ነካ፣ በሽተኛው ይራመዳል ወይ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አለው። ነጥቡ ተደምሮ ሰውየው ስንት ወር እንደሚኖር ይገመታል። የሚቆይ ከመሰላቸው ነርቩን የተጫነውን ዕጢ በቀዶ ጥገና ያነሱለታል፣ እግሩ ይተርፋል። የማይቆይ ከመሰላቸው ይተዉታል። መራመዱ ላይ ሲደርስ አልጠየቀም። ከጀርባዬ ሲወርድ አይቶታል። ዜሮ ጻፈ።

ከዚያ እኔን ብቻ ወደ በሩ ወስዶ፣ በዐረብኛ፣ "ሦስት ወር። ቀዶ ጥገና ማሰቃየት ነው የሚሆነው" አለኝ።

"ዶክተር፣ ወላሂ ይራመዳል።"

"ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ይላል" አለና ቀጣዩን ጠራ።

ለምን እንደተሸከምኩት መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። ወረፋ ለመቅደም ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ለወንድሜ "መድኃኒት ይበቃሃል ብለዋል" አልኩት። እሱም አመነኝ። በሁለተኛው ሳምንት እግሮቹ ደነዘዙ፣ ከዚያም ጨርሶ መቆም አቃተው።

ሦስት ወሩ አለፈ። ሌላ ሦስት ወር ተጨመረ። ዓመት ሞልቶ አለፈ። ያን ሁሉ ጊዜ ፍራሽ ላይ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ የተበላሸ ሞተር ይዘው ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ እሱ ተኝቶ በጣቱ ያሳያል፣ እኔ እፈታለሁ። ለሶላት ውዱእም የማስደርገው፣ የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ከቀበርነው በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ "ከዓመት በላይ ኖረ" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ። ግምት ግምት ነው፣ የሚያውቀው አላህ ነው" አለ።

በአላህማ እኔም አምናለሁ። ያን ዜሮ የጻፈው ግን አላህ አይደለም። እንዴት እንደገባን ያን ጊዜ ነገርኩት። እሱም "ታዲያ ለምን ተሸክመህ አመጣኸው?" አለኝ።

ጥፋቴን አልክድም፣ እስክሞት የኔ ነው። ወንድሜ ግን ፊት ለፊቱ ነበር። አንድ ጊዜ "ቁም" ቢለው ይቆም ነበር።