የቀለም ባልዲው ቲማቲም

ቲማቲም የሚታመምበት አንድ ክፉ መንገድ አለ። ፍሬው ከላይ አረንጓዴና ደህና መስሎ ይታያል፤ አበባው በረገፈበት በታችኛው ጫፉ ግን እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ይጠቁራል፣ ይሰረጉዳል፣ ሳይቀላም ይወድቃል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በገባን በመጀመሪያው በጋ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ በቀለም ባልዲ ያበቀልናቸው ቲማቲሞች አብዛኛውን ፍሬያቸውን እንዲህ አድርገው ጣሉት።

ዘሩ ገርጂ ከነበረው ጓሯችን የመጣ ነበር። ቦታው ለመንገድ ተፈልጎ ቤታችን ሊፈርስ ሲል፣ ባለቤቴ ከመጨረሻው ቲማቲም ዘሩን አውጥታ በአመድ ለውሳ አደረቀችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራም አመጣችው። ከዚያ ጓሮ ይዘን የወጣነው ሕይወት ያለው ነገር እርሱ ብቻ ነው። በባልዲዎቹም ሁሉንም ዘራችው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ካልበሰለ ዘሩ በዚያው አለቀ ማለት ነበር።

እኔና እርሷ በዚያ ወቅት ብዙም አንነጋገርም ነበር። ስለሚፈርሱት ቤቶች በተጠራው ስብሰባ ላይ ጎረቤቶቻችን «የተማረ ነው፣ እሱ ይናገርልን» ብለው ወደ እኔ ሲመለከቱ እጄን አላነሣሁም። ብናገር አንዲት ድንጋይ ትተርፍ ነበር ብዬ ዛሬም አላምንም፤ ነገሩ ከስብሰባው በፊት ያለቀ ነበር። እርሷ ግን ቤታችንን ያፈረሰው ዶዘር ሳይሆን የእኔ ዝምታ እንደ ሆነ ፈርዳለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ፣ በጡረታዬ በገዛ ቤቴ ተከሳሽ ሆንሁ።

ስለዚህ ፊቴን ወደ ቲማቲሙ አዞርሁ። በመጀመሪያ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፍ ነበር። ንብ አራተኛ ፎቅ ድረስ አትወጣም፤ በየጠዋቱ የአበባውን ዘንግ በጣቴ መታ መታ አደርግ ጀመርሁ፤ ፍሬ ያዘ። ቀጥሎ ያ ጥቁረት መጣ። መጻሕፍቱ ፍሬው ካልሲየም ሲያጣ ነው ስላሉ፣ የእንቁላል ቅርፊት እየፈጨሁ ነሰነስሁ። ከፊት ለፊታችን የምትኖረው፣ ጉርድ ሾላ ቢሮ የምትሠራ ወጣት ጎረቤታችን ቅርፊቱን ታጠራቅምልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ጾሙ ሲገባ ከየት ላመጣልዎት ነው?» አለችኝ አንድ ቀን። «ቲማቲምዎ ብቻውን ሊፈስክ ነው እንዴ?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ፍሬውም መጥቆሩን አልተወም።

ጣቴን አፈሩ ውስጥ ስሰድ አንድ ቀን ጭቃ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ጡብ ሆኖ አገኘው ነበር። በሕንፃችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነውና ጥፋቱን በፈረቃው ላይ ጣልሁ። ውሃ በመጣበት አንድ ቀን ኢምፔሪያል አካባቢ ጉዳይ ኖሮኝ ወጥቼ፣ ሳልጠበቅ ቀድሜ ተመለስሁ። ባለቤቴን ጆግ ይዛ በረንዳው ላይ አገኘኋት።

«ጠዋት እኮ አጠጥቼዋለሁ» አልኋት።

«ማን ነገረኝ?» አለች፣ ቀና ሳትል። «አንተ መቼ ትናገራለህ?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ተናግሬ ተናግሬ ደከመኝ።»

በሽታው ያኔ ተገለጠልኝ። ውሃ በመጣ ቀን ሁለታችንም ተደባብቀን እናጠጣለን። ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ እኔ ከጀሪካኑ ሰጥታዋለች ብዬ እተዋለሁ፤ እርሷም ሰጥቶታል ብላ ትተዋለች። አንድ ጊዜ ሰጥሞ አንድ ጊዜ የተጠማ ሥር፣ ካልሲየም በአፈሩ ቢሞላም ወደ ፍሬው ጫፍ አያደርሰውም። ይህን ሁሉ ፍሬ ለማዳን «አጠጥተሻል?» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔ ብቻ በየማለዳው በልክ አጠጣሁ፤ አፈሩ እንዳይደርቅም ላዩን በሣር ሸፈንሁት። ዘግይቶ ነበር። ከቀሩት ጥቂት ፍሬዎች አንዱ ብቻ ቀላ።

ባለቤቴ ቆረጠችውና ጨው ነስንሳ ቀመሰችው። ፊቷን ስመለከት ቆየሁ።

«ውሃ ውሃ ይላል» አለች። «የጓሯችን እንዲህ አልነበረም።»

ቢሆንም ዘሩን በአመድ ለወሰችው። ሲደርቅ በነጠላዋ ጫፍ አድርጋ ቋጠሮውን በጥርሷ ስታጠብቅ አየኋት።

«ለየትኛው ጓሮ ነው?» አልኋት።

«እሱን ተወውና ዝም በል» አለችኝ። «ዝም ማለቱን ታውቅበት የለ?»