አለሙ የታቀፋቸው እንቁላሎች

ከወንድሜ ከአለሙ አርባ ስመለስ፣ ከሽንዲ ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ የተበሳሳ ካርቶን ይዛ ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጫጩቶች ይንጫጫሉ፤ የእርጥብ ጭድና የለጋ ላባ ሽታ ይወጣል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

«ማን ሞቶብዎት ነው አባባ?» አለችኝ ጥቁር ልብሴን አይታ።

ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ እሱ ስምንተኛ ክፍል፣ እኔ አራተኛ። አለሙ ቡሬ አጠገብ ካለ አንድ የእርሻ ጣቢያ፣ ዶሮ ሳትታቀፍ ጫጩት የሚፈለፍል ሣጥን አይቶ መጣና እህል ውሃ አስጠላው። በመጨረሻ ከሳሙና ሣጥን የራሱን ሠራ፤ ውስጡን ጭድ ጎዘጎዘ፣ ከሥሩ ኩራዝ አበራ፣ አየሩ እንዳይደርቅ በሰርዲን ቆርቆሮ ውሃ አስቀመጠ። «ማሽን» እንለው ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

ዐቢይ ጾም ስለሆነ እንቁላል የሚበላ የለም። እናታችን የጾሙን እንቁላል ለፋሲካ ቅቤና ለእኔ ቁምጣ አስባው ነበር፤ ግን አለሙን እምቢ ማለት መቼ ታውቅና፣ አዲስ አዲሱን መርጦ ወሰደ። ገብስማዋ ዶሯችንም ያን ሰሞን ጭር ብላ፣ ካልታቀፍኩ ብላ ባዶ ቅርጫት ላይ ትውል ነበር። እናቴ «ማሽን እያለ እሷ ምን ሥራ አስፈታት? እንቁላሏን ትጣል» ብላ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ ሰካችባት። በእኛ አገር ዶሮ መታቀፉን እንድትረሳ የሚደረገው እንዲህ ነው፤ ላባውን ለማውጣት ራሷን ስታራግፍ ትውልና እናትነቷ ይበርድላታል።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ሲቀራቸው ላምባ ከሱቆቹ ጠፋ። አለሙ ቡሬ ድረስ በእግሩ ሄዶ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። የኩራዙ እሳት እሱ እስኪመለስ ቆይታ ልትጠፋ ትንፈራገጣለች። መታቀፉን የረሳችው ገብስማ ቅርጫቱን ዞር ብላም አላየችው። ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ዘንድ ሮጠ።

«የእኔዋስ ጭር ብላለች» አሉት። «ከክንፏ ሥር የሚገባውን ያህል ስጣት። የተረፈውን እንግዲህ አንተው ታቀፈው!»

እሳቸው ሳቁ። አለሙ አልሳቀም። ቤት ገብቶ የተረፉትን በነጠላ ጠቅልሎ ሆዱ ላይ አሰረ፤ ጋቢ ደርቦ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ... እናቴ ገንፎ ስታጎርሰው እንኳ ወገቡን አያዞርም።

ሰኞ የአለሙ አስተማሪ ክፍላችን ገብቶ «ወንድምህ ታሟል እንዴ?» አለኝ።

«የለም ጋሼ፣ እንቁላል ታቅፎ ነው።»

እውነቴን ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ... ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ደግሞ ሰው ስቆልኝ የማያውቅ ልጅ፣ ሳቁ ጣመኝ። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቁጢጥ አልኩ፤ ክንዶቼን እንደ ክንፍ ዘርግቼ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ታቃፊው!» አልኩ። አስተማሪውም ሳቀ።

ለምሳ ወደ ቤት ስሄድ ልጆቹ ተከተሉኝ። አጥሩን ይዘው «ታቃፊው! ስንት ወለድክ?» «ታቃፊው፣ ጥሬ እንበትንልህ?» ይጮኻሉ። አለሙ ጉልበተኛ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሁሉንም በአለንጋ ይበትናቸው ነበር። ግን እንቁላሎቹን ይዞ እንዴት ይነሣ? ደጁን አየ፤ እኔን አየ። ማን እንደነገራቸው ገባው። የሚቆጣ መስሎኝ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ና» አለኝ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጆሮዬን ሆዱ ላይ አስጠጋው። «ስማ። ከውስጥ እየጮኹ ነው።»

ሰማሁ። ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ። ከውጭ ደግሞ እኔ ያወጣሁት ስም።

እዚያው ሆዱ ላይ ተፈለፈሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ተፈለፈሉ። እናቴ እልል አለች፤ የመጀመሪያዋን ጫጩት አለሙ በእኔ መዳፍ ላይ አስቀመጣት። ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ቤት ሁለት ቀን ሄደ፤ በሦስተኛው ደብተሮቹን ለእኔ ሰጥቶ አጎታችን ዘንድ ሽንዲ ለእርሻ ገባ። እኔ በእነዚያ ደብተሮች ተምሬ ሁለተኛ ደረጃ ጨረስኩ። ስሙ ግን ሽንዲ ድረስ ተከትሎት ሄዷል። እሱ አንድ ቀን አላነሣብኝም። እኔም ይቅር በለኝ ለማለት ሲዳዳኝ፣ ስተወው፣ ሲዳዳኝ፣ እነሆ አርባው ወጣ።

«አባባ?» አለች ሴትዮዋ።

«ወንድሜ ነው። አለሙ ይባላል። ሽንዲ ነበር የሚኖረው።»

አሰበች። «ርቄ ብከርምም የሽንዲን ሰው አውቃለሁ፤ አለሙ የሚባል ግን...»

ካርቶኑን አየሁት። አንዷ ጫጩት በቀዳዳው ምንቃሯን አውጥታለች።

«ታቃፊው» አልኩ።

«ውይ! ታቃፊው ሞቱ?» ደረቷን መታች። «ምነው መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሉኝ! ዶሮ እርባታ ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

ቡሬ እስክንደርስ ስለ ታቃፊው ደግነት ስታወራኝ መጣች፤ አላረምኳትም። እናታችን ካለፈች ወዲህ አለሙ ብዬ የምጠራው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁንም ጠሪው አለሁ፤ አቤት የሚለኝ ነው የሌለው።