የሀዲያ ትናንሽ ጦጣዎች

ሀዲያ በዓረብ አገር፣ ሪያድ ከተማ፣ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ልጇ አሚራ አምስት ዓመቷ ነበር። «እትዬ» አለቻት፤ ልክ እኔን እንደምትጠራኝ። እኔ በለጡ ነኝ። ሱቄ ከሀዲያ ባል ከጀብሪል የስፌት በረንዳ ፊት ለፊት ነው፤ መሀላችን ያለው መንገዱ ብቻ ነው።

ጀብሪል ልጅቷን አዝሎ ነው ያሳደጋት። እንደ ሴት በአንቀልባ ጀርባው ላይ አስሮ የስፌት መኪናውን ይረግጥ ነበር። አባት ልጅ ሲያዝል በእኛ ሰፈር ታይቶ አያውቅምና ሰው ሳቀበት። እኔማ ከሁሉ ብሼ «ጀብሪል፣ ጡቱስ መቼ ይበቅላል?» ብዬዋለሁ። ክፉ ምላስ አለኝ፣ አልክድም። እሱ ክሩን በጥርሱ በጠስ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል።

ሀዲያ ከመጣች ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልጇ አባቷ ላይ ስትንጠለጠል ታያለች። አንድ ቀን «አታለቅሺም እንዴ?» አልኳት።

«ምንም አይሰማኝም፣ እትዬ በለጡ። ተኝተውበት እንዳደረ እጅ ደንዝዣለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ በራሷ ወደ እኔ ብትመጣ ብዬ ነው የምቀመጠው» አለችኝ።

ፊቷ የሚፈታው ሪያድ አሠሪዎቿ ቤት ያሳደጓቸው ጦጣዎች ወሬ ሲነሳ ብቻ ነው። ማርሞሴት ይባላሉ አለች። እኛ የምናውቀው እህል የሚያጠፋውን ጦጣ ነው፤ የእሷዎቹ ግን ከመዳፍ አይበልጡም። ጆሯቸው ላይ ነጭ ጸጉር ቆሟል፣ ፊታቸው የሽማግሌ ነው። ሙዝ ስታበላቸው ጣቷን በሁለት እጃቸው ጭብጥ ያደርጓታል። «እንደዚያ ሲይዙኝ የት እንዳለሁ እረሳ ነበር» አለች። ኋላ ሴቷ ጦጣ መንታ ወለደች።

«ማን እንደሚያዝላቸው ያውቃሉ? ወንዱ ነው። እናትየዋ የምትቀበለው ለማጥባት ብቻ ነው፤ ከዚያ መልሶ ይወስዳቸዋል» አለችና ሳቀች።

ያቺ የጡት ቀልዴ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። ጀብሪል ከማዶ ሰምቶ ኖሮ መኪናውን አቆመ። «ኋላስ? ልጆቹ ወደ እናታቸው ይመለሳሉ?» ሲል ጠየቃት።

«እንጃ። እሱን ሳላይ መጣሁ።»

ባለፈው ሐምሌ አሚራ ለአባቷ ክር ልትወስድ ሱቄ ገብታ ሳለች ዝናቡ ወረደ። ሲያባራ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ልጅቷ አዲስ ጫማዋ እንዳይቆሽሽ ብላ ደፉ ላይ ቆመች። ሀዲያ ከበርጩማዋ ተነሳች። ለልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች። አሚራ እኔን አየችኝ፣ ጫማዋን አየች፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ወጣች።

«እትዬ፣ አባዬ ጋ አድርሺኝ» አለቻት።

ሀዲያ ፊት ላይ ምንም አላየሁም። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር፤ ቢበዛ አሥር እርምጃ። እሷ ግን ልጇን እንዳዘለች በመስጊዱ በኩል ታጠፈች፣ ገበያውን በሙሉ ዞራ ልትመጣ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ጀብሪል ቀና ብሎ አያቸው፤ አልጠራቸውም።