ሁለት ማይል በእግር

የሲያትሉ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ የተጓዦችን መኪና ፓርክ በማድረግ ነው የምተዳደረው። እሁድ ዕረፍቴ ነው፤ ስለዚህ ከተማው ውስጥ ድሮ የባቡር ሐዲድ በነበረው የብስክሌት መንገድ ላይ ዘና ብዬ ብስክሌቴን እነዳለሁ።

ባለፈው እሁድ አንድ ሽማግሌ ከብስክሌታቸው ወርደው፣ ጥግ ይዘው ውሃ ሲጠጡ አየሁ። ከሄልሜታቸው ስር ነጭ የሶላት ኮፍያ ብቅ ብሏል፤ ያገሬ ሰው ናቸው። በአስተዳደጌ ደግሞ ማንም አያማኝም። ትልቅ ሰው ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ሰላም አልልም። ወረድኩና ጎንበስ ብዬ "አሰላሙ አለይኩም አባባ" አልኳቸው።

ጤናውንም ቤተሰቡንም ተጠያየቅን። ከዚያ ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። እሳቸው በእግር እየሄዱ እኔ እንዴት እነዳለሁ? የእኔንም እየገፋሁ አብሬ ሄድኩ። እንደዚያ እያልን ሁለት ማይል ያህል ተጓዝን። ብስክሌት መንዳት ገና የሚማሩ ሕፃናት እንኳ እየቀደሙን ያልፋሉ። ሽማግሌው ላብ በላብ ሆነዋል፤ አንጀቴን በሉት።

በመጨረሻ አላስችል አለኝና "አባባ፣ ብስክሌትዎ ምን ሆኖ ነው? እስቲ ልየው" አልኳቸው።

ቆም ብለው ፊቴን አዩኝ።

"የእኔማ ምን ይሆናል። አንተ ጎማህ ተንፍሶ ነው የወረድከው ብዬ፣ መንገድ ላይ ጥዬህ መሄዱ ከብዶኝ ነው እንጂ።"