የቁማር ቤቱ ባለቤት ማን ነው?

"ይሄ ሰውዬ የቤቱ ባለቤት አይደለም" አሉ አባባ፣ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ።

አባባ የሥራ ባልደረባዬ አባት፣ ከብት አርቢ ናቸው። ለሐኪም ቀጠሮ ከዲመካ ጂንካ መጥተው ዛሬ እኔ ቤት ዋሉ። ፊልሙ ስለ ማፊያና ቁማር ቤት ነው፤ እሳቸው እንግሊዝኛ አይሰሙም።

"ሁሉም እሱን አይደል እንዴ የሚፈራው?" አልኳቸው።

"የሰው ከብት በአደራ የያዘ እንዲህ ነው። ያዛል፣ ይቆጣል። አንድ ወይፈን ለማረድ ግን ባለቤቱ መጣ አልመጣ ብሎ መንገድ መንገዱን ያያል።"

እውነትም ቤቱ የማፊያዎቹ ነው፤ ሰውዬው በስሙ የያዘላቸው ነው። እኔ በፊት ሳየው ይሄ የገባኝ ፊልሙ ሲያልቅ ነበር፣ ያውም ዲግሪ ይዤ።

መጨረሻ ላይ ማፊያዎቹ ከመኪና ሲወርዱ አባባ "ከብታቸውን ሊወስዱ መጡ" አሉ።

ቋንቋውን ሳይሰማ ታሪኩ ከእናንተ ቀድሞ የገባው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ። ለእኔ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ የከብት ፊልም ነው።