የገዴራዋ መኪና በየት ትተነፍስ ነበር

ባለፈው ሐሙስ ከያቭነ ወደ ሥራዬ ስሄድ፣ ገዴራ መገናኛው ላይ ቀይ መብራት አቁሞኝ፣ ከፊቴ የቆመ ያረጀ የጭነት መኪና ሰማያዊ ጭስ ለቀቀብኝ። መስኮቱን መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁትም። የተቃጠለው ዘይት ሽታ ከጋለ ጎማ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲገባ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያሉት ጡሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ፣ እኔ ብርቱካን ዛፎች መሀል በቆመ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ከአባቴ ጋር አንድ ሞተር ላይ አጎንብሼ ነበር።

የእስራኤል ውትድርናዬን ጨርሼ ቂርያት መላኺ ወደ ወላጆቼ ቤት የተመለስሁበት ዓመት ነው። አባቴ ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ ካርቶን ፋብሪካ ይሠራል፤ እናቴ ገዴራ ውስጥ ሪና የሚባሉ ባል የሞተባቸው አሮጊት ቤት ታጸዳለች፤ እኔ እተኛለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «አሁንስ ምን ልትሆን ነው?» ይለኛል፤ እኔም ትከሻዬን ሰብቄ ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ። በጦሩ ውስጥ የመኪና ጥገና ክፍል ስለነበርሁ፣ እናቴ ሳትጠይቀኝ ለሪና «ልጄ ትልቅ መካኒክ ነው» ብላ ኖሯል። ሪናም ከቤታቸው ጀርባ፣ ብርቱካኑ መሀል ባለው መጋዘን፣ ባላቸው ትተዋት የሞቱትን መኪና አሳዩኝ፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ቀይ ቀለሟ ወደ ሮዝ የነጣ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና። በበጋው መጨረሻ ቤቱን ለቀው ሰሜን ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ልትወጣላቸው ይፈልጋሉ። ቤሰደር፣ እሺ አልኋቸው። እምቢ የማለት ጉልበት ስላልነበረኝ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ዓርብ አባቴ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ። ለምን እንደመጣ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ስለ ሞተር አንዳች አያውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ባንክ ቤትም ክሊኒክም ትምህርት ቤትም አፉ እኔ ነበርሁ፤ ሰዎቹ ረጅም ዕብራይስጥ ይናገራሉ፣ እኔ በሁለት የአማርኛ ቃል አሳጥሬ እነግረዋለሁ፣ እሱ የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሁሌ እኔ አዋቂ፣ እሱ ጠያቂ። ያ መጋዘን ግን ሁለታችንንም እኩል አደረገን።

ሞተሩን ፈትተን አጥበን ከገጠምነው በኋላ ተነሣ፤ ተነሥቶም ዘይቱን በየመጋጠሚያው ያንጠባጥብ ጀመር። አባቴ ከሥሩ ያስቀመጠው ትሪ ሁሌ ጥቁር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሞተር ሲሠራ ከሚቃጠለው ጭስ ጥቂቱ ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ካርተር ይገባል። ያ ጭስ መውጫ ይፈልጋል፤ ካጣ ዘይቱን ገፍቶ ያወጣዋል። በቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ተስቦ እንዲቃጠል ይደረጋል፤ ጭሱ ሲሳብ ደግሞ በሌላ በኩል ንጹሕ አየር መግባት አለበት። ይህን ዛሬ እንደ ውዳሴ እደግመዋለሁ። ያኔ የማየው ግን ከጎን የሚወጣ አንድ ቱቦ፣ ከላይ የሚወጣ ሌላ፣ መሀል ላይ ክብ ቫልቭ፣ ደግሞም የትም የማይደርስ ቀዳዳ ነው። ገዴራ ያለው ጋራዥ፣ ቱቦውን ወደ መሬት ልቀቀው አለኝ። ያቭነ ያለው፣ ከአየር ማጣሪያው ጋር አገናኘው አለ። የጦር ጓደኛዬ በስልክ ሁለቱም ተሳስተዋል ብሎ ሳቀ። እኔ ሁሉንም ሞከርሁ፤ አባቴም ቱቦ ይዞ፣ «ይኸስ ወዴት ነው?» ይለኛል፤ «አላውቅም፣ አባ» እለዋለሁ። እንዲህ ብዬው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ደንግጦ አየኝ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

አንድ ዓርብ፣ ወደ ቫልቩ የሚሄደው ቱቦ ውስጥ የተወተፈ ብሎን አገኘን። ብሎኑን ሳወጣው ማንጠባጠቡ ቆመ። ደስታችን ግን ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየም፤ መኪናዋ በጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ጀመር፣ ሞተሩም ከእናቱ እንደተለየ ጥጃ ያላዝናል። አንዱን ስናድን ሌላው ታመመ።

ሪና ሻዩን ይዘው ሲመጡ ብሎኑን የዘይቱ ትሪ ላይ አዩትና አነሡት። የባላቸው ሥራ ነበር። የዘይቱ ሽታ ወደ መቀመጫው ሲመጣ ሰውየው እንደማይወዱ፣ አንድ ቀን ቱቦውን ደፍነው «ተገላገልን» እንዳሉ፣ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዘይት ስትተፋ፣ ውሸታም ሞተር ሸጡልኝ እያሉ ሲሳደቡ ኖረው በመጨረሻ ሸራ እንዳለበሷት ነገሩን። ከዚያም ዓይናቸውን ከብሎኑ ሳያነሡ፣ «ያበላሻት እሱ ራሱ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ ልበል፣ አይደለም ልበል? አባቴ ምን አሉ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላሳጥር ሁሉንም ነገርሁት።

«አልገባውም ነበር በላቸው» አለኝ። «እኛም አልገባንም።»

ተረጎምሁላቸው። ሪና ብሎኑን ኪሳቸው ከተቱት፣ ሻዩ እንዳይበርድብንም አስታወሱን።

የጥጃው ልቅሶ የቆመው በአጋጣሚ ነው። አባቴ ዘይቱን ልየው ብሎ፣ ሞተሩ እየሠራ የመሙያውን ክዳን ፈታው፤ ልቅሶው ድርግም አለ። ሰበርኩት ብሎ ክዳኑን እንደያዘ ወደ በሩ አፈገፈገ። ክዳኑን ሳየው ድፍን ነው፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም፤ ሞተሩ የሚስበው አየር አጥቶ ዘይቱን ይስብ ኖሯል። ያኔውኑ ቫልቩን ብፈታው ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ቀዳዳ ያለው ክዳንና አዲስ ጎማ ባንድ ቀን ገጠምሁ፤ ጭሱም ልቅሶውም ጠፋ። ግን የዳነችው በየትኛው ነው? አሮጌውን ጎማ መልሼ ልሞክር ስል አባቴ እጄን ያዘኝ። ያልገባን ነገርም ይኑር፣ ሰንበት ሊገባ ነው አለኝ።

መኪናዋ መንገድ በምትወጣበት ዓርብ ሪና ሻሽ አስረው ወጡና ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ። ባላቸው አንድ ቀን እንኳ አስነድተዋቸው አያውቁም ነበር። መሪው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አድርገው አባቴን ጠሩት። አባቴ እኔን አየኝና ገባ። ያላ፣ እንሂድ አሉ ሪና፣ በያቭነ መንገድ ጭስ ሳያሳዩኝ ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ያለ እኔ ምላስ የትም ሲሄድ ስለማላውቅ፣ እጄን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሲመለሱ የአባቴ ጸጉር በነፋሱ ቆሟል፣ ሪና እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ።

«ምን አወራችሁ?» አልሁት አውቶቡስ ውስጥ።

«ብዙ ተጫወትን።»

«በምን ቋንቋ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሪና ሰሜን ሄዱ፤ መኪናዋም አብራቸው። ብርቱካኑ ተመንጥሮ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቷል፤ የአበባው ሽታ ከየት በኩል ይመጣ እንደነበር እንኳ አሁን ቆሜ መጠቆም አልችልም። አባቴ አርፏል። እኔ ጋን ያቭነ አጠገብ የራሴ ጋራዥ አለኝ፤ ኮምፒውተሩን ከመኪናው ጋር አገናኛለሁ፣ የታመመውን ይነግረኛል፤ ያንን ሞተር ዛሬ ቢያመጡልኝ ከቁርስ በፊት እጨርሰዋለሁ። ግራ መጋባቱ ግን አልተወኝም። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በምታወራው የዘመኑ ልጆች ዕብራይስጥ ውስጥ ግማሹ ያመልጠኛል፤ አጠገቧ ተቀምጬ የገባኝ መስዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ዞር ብዬ «ይኸስ ወዴት ነው?» የምለው፣ እሱም አላውቅም ብሎኝ አብሮኝ የሚስቅ ሰው የለም።