ባለ ስክሪኑ ሳጥን ጎብዬ ገባ

በፊልም በምሠራበት ዘመን ሰላም ነበረኝ። ሠላሳ ስድስት ታነሺያለሽ፣ ፊልሙን ታወጪያለሽ፣ ጡትሽ ሥር ትወሽቂያለሽ፣ አለቀ። ጭንቀት የጀመረኝ ዲጂታሉ የመጣ ጊዜ ነው። ጥፍር በምታክል ካርድ ውስጥ የሰው ሰርግ አለ ይሉሻል፤ አለ ብለሽ ታምኛለሽ እንጂ ምኑን ታዪዋለሽ? ለዚያውም ያለችኝ አንዲት ካርድ ነበረች። ስትሞላ ቆቦ ፎቶ ቤት ሮጬ ኮምፒውተር ላይ አራግፋለሁ። መብራት ከሌለ ደግሞ ካርዷን በጨርቅ ቋጥሬ እጠብቃለሁ። ቁጭ ብዬ አይደለም ታዲያ፤ እየተነሳሁ፣ እየወጣሁ፣ የጎረቤት አምፖል እያየሁ ነው።

አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ካለ ምግብ ቤት አንድ ፈረንጅ ፎቶ አንሺ አየሁ። ወደ መቀሌ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ከካሜራው ካርዱን አወጣ፣ የዳዊት መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ውስጥ ሰካ፣ ምሳውን ቀጠለ። ኮምፒውተር የለ፣ ሽቦ የለ። ሽሮውን ሳይጨርስ ሳጥኗ ሥዕሉን ሁሉ ገልብጣ ጨረሰች። ምግቤን ትቼ ሳያት አላፈርኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ሳጥን ካላገኘሁ አልኩ።

ደሴ ፒያሳ አንድ ነጋዴ አለ ተባለና ሄድኩ። ሁለት ዓይነት ሳጥንና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ደረደረልኝ። ላፕቶፑን ገና ሳየው ተውኩት። ዳስ ውስጥ የት አስቀምጠዋለሁ? ጠላ ይደፋበታል፣ ሰው ይቀመጥበታል።

«እትዬ፣ ይቺኛዋ መልክ የላትም እንጂ ጠንካራ ናት» አለኝ ነጋዴው፣ ጠርዟ በጎማ የተለበጠችውን ወፍራም ሳጥን እያሳየኝ። «ካርዱን ትገለብጣለች፣ ተመልሳ ታመሳክራለች፣ ስንት እንደገባ ቁጥሩን ታሳይሻለች። ባትሪዋም ሁለት ሰርግ ያውላል።»

«ሥዕሉን አታሳየኝም?»

«ቁጥሩን ነው እንጂ።»

«ቁጥር ነው እንዴ የምድረው? እኔ እኮ ሙሽራ ነው የማነሳው!»

ሁለተኛዋ ስክሪን አላት። ሥዕሉ ውስጧ ሲበራ እንዴት ያምራል! ባትሪዋ ግን ቶሎ ትደክማለች። በእጄም ሳልይዛት ቆቦ ተመለስኩና ሦስት ቀን ተቁነጠነጥኩ። ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር ከጎጃም የተመደበ መምህር ነበርና አማከርኩት። «ስክሪን የሌላትን ውሰጂ። ደግሞ ሥዕሉ ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርድሽን እንዳታጠፊ» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን የምሠራበትን ሕዝብ አውቃለሁ። የራያ ሰው ፎቶ ተነስቶ ሳያይ ከሸኘሽው፣ በሳምንቱ አልበም ይዘሽ ብትመጪም ቅሬታው አይወጣለትም። «የኔን ደብቀሽ የሱን አወጣሽ» ይልሻል። ተመልሼ ሄጄ ባለ ስክሪኗን አመጣሁ።

ሰርጉ ጥር ላይ ነበር፤ ሙሽራዋ የጎብዬ፣ ሙሽራው የዋጃ። ጠዋት ጎብዬ የልጅቷን ሽኝት አነሳሁ። አባቷ ሲመርቃት፣ ጉልበት ስትስም፣ እናቷ በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ፊት ስትጠርግ፣ ሁሉንም። ካርዷ ጢም አለች። ወደ ዋጃ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ሳጥኗ ገለበጥኩና ስክሪኗ ላይ ሁለት ሦስቱን አየሁ። አሉ። ለሙሽራው ቤት ባዶ ካርድ ያስፈልገኛል፤ ካሜራው «ይጥፋ ወይ?» ሲለኝ አዎን አልኩት። የመምህሩ ቃል ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ምን ላድርግ፣ ሌላ ካርድ የለኝም።

ዋጃ ዳስ ውስጥ ገና ከመግባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠራኝ። «አንቺ ፎቶ አንሺ፣ ሙሽራችን ከቤቷ እንዴት ሆና እንደወጣች አሳዪን እስቲ!»

ኮራሁ። ከፍቼ ሰጠኋቸው። ከእሳቸው ወደ ጎናቸው፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ሳጥኗ ከእጅ ወደ እጅ ሄደች። እኔ ሙሽሮቹን አነሳለሁ፣ ዓይኔ ሳጥኗን ይከተላል። አማቷ ልታጎርሳት ስትል ወደ ሙሽራዋ ዞርኩ። ተመልሼ ሳይ ሳጥኗ የለችም።

ሽማግሌው «ለሚዜዎቹ ሰጠሁ» አሉ። ሚዜዎቹ «ሴቶቹ ጋ ገባች» አሉ። ወጥ ቤት ገባሁ።

«ሳጥኔን ያያችሁ?»

«የሙሽራዋ አክስት ወሰደቻት» አለች አንዷ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች።

«ወዴት?»

«ጎብዬ ነዋ! በሚኒባስ።»

«ምን አደረገች?!»

«ኧረ ምነው ጮህሽ እቴ? እናቷ ትያት ብላ ነው። እናት ልጇን ሸኝታ ቤቷ ትቀራለች፣ ከዚህ ዳስ አትደርስ። ቅልቅል እስኪደርስ አንጀቷ ይቆረጥ?»

ሌላዋ ሳቀች፤ «ፎቶ አንሺዋን ተዋት፣ እሷም ልጇ የተወሰደባት ነው የምትመስለው።»

መሳቅ አልቻልኩም። የዚያች ልጅ ሽኝት ከዚያች ሳጥን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። አክስትየዋ የቱን ቁልፍ ትጫን ይሆን? የማጥፊያው ምልክት ከመክፈቻው ጎን ነው። ስልኳ ላይ አስደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሥራዬን ጥዬ እንዳልሄድ የቤተ ዘመዱ ፎቶ አላለቀም። ያን ቀን ያነሳኋቸውን ሰዎች ዛሬ ሳያቸው ሁሉም ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው፤ እጄ ነው፣ እነሱ አይደሉም።

እንደጨረስኩ ሚኒባስ ያዝኩ። ቆቦ መናኸሪያ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። ሾፌሩ፣ «እትዬ፣ ተቀመጪ እንጂ፣ መኪናው በአንቺ መንቆራጠጥ አይሄድ!» አለኝና ተሳፋሪውን አሳቀብኝ።

ጎብዬ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዳሱ ባዶ ሆኖ እናትየዋ አግዳሚው ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ አክስትየዋ ጎኗ ናት። ሳጥኗ በነጠላ ተጠቅልላ የእናትየዋ ጭን ላይ ነች። ስክሪኗ ጨልሟል።

«መጣሽ? ልጄ ጠፋችብኝ እኮ» አለችኝ እናትየዋ።

«ምን ነካችሁ፣ እናቴ?»

«እኔ ምንም አልነካሁ። እሷ ትጫናለች፣ እኔ አያለሁ። ስናበቃ እንደገና ከመጀመሪያው።»

አክስትየዋ ቀጠለች፤ «አንዱ ላይ ስንደርስ በእንግሊዝኛ ጥያቄ ጠየቀን።»

«እና ምን አላችሁት?»

«እሺ አልነው።»

«ምን እንደጠየቀሽ ሳታውቂ እሺ ትያለሽ?»

«ታዲያ በሰርግ ቀን እንቢ ይባላል?»

ደግነቱ መብራት ነበር። ቤት ገብተን ቻርጀሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ሰካሁ። ትንሿ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን ወዲያው አልተከፈተም። ሦስታችን ግድግዳው ላይ ተደፍተን ጠበቅን። እናትየዋ ከእኔ ብሳ ትተነፍሳለች። ሲከፈት አባትየው ሲመርቅ ታየ። ጉልበት ስትስም አለ። ነጠላው አለ። ተንፈስ አልኩ። አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፣ እናትየዋም ከትከሻዬ በላይ አብራኝ ትሄዳለች።

መጨረሻው ላይ ሙሽራዋ ከበሩ እየወጣች ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ከዚያ ቀጥላ መኪናው ውስጥ ናት። መሀል ላይ አንድ ያለ መሰለኝ፤ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ወደ ቤት ዘወር ያለችበት፣ ከንፈሯን ነክሳ። አነሳሁት? ወይስ ላነሳ ስል ሰው ገባብኝ? ስንት እንደነበሩ አልቆጠርኩም። ካርዷን አጥፍቻለሁ፣ ላዩ ላይም ሌላ ሰርግ አንስቼበታለሁ። የማመሳክርበት ነገር የለኝም።

«እናቴ፣ በሩ ላይ ዘወር ያለችበትን አይተሻል?»

«አየሁ እንጂ!»

«እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ ጠዋት በዓይንሽ?»

አሰበች። አክስትየዋን አየቻት። አክስትየዋ ወደ መሬት አየች።

«እንጃ ልጄ» አለች። «ብቻ አይቻታለሁ።»

ከዚያ የዋጃውን በካሜራው ጀርባ አሳየኋት። አማትየዋ ስታጎርሳት ሲደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገችና፣ «ጉርሻው ትልቅ ነው፣ ትወዳታለች» አለች።

በሳምንቱ ደሴ ሄጄ ያቺን መልክ የሌላትን አመጣሁ፤ ሁለተኛ ካርድም ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ ሥዕል ሁለት ቦታ ሳይገባ፣ ቁጥሩም ሳይገጥም ከካርድ አላጠፋሁም። ባለ ስክሪኗ ለማሳያ ብቻ ሆነች። ሰው «አንቺ ደግሞ፣ ቆጣሪ ሆንሽ» ይለኝ ነበር፤ ይበል።

አልበሙን ለቅልቅል አደረስኩ። እናትየዋ ከእንግዶቹ ለይታ ጓዳ ይዛኝ ገባች። ገጾቹን ሽኝቱ እስኪያልቅ ገለበጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ከምትወጣበት መኪናው ውስጥ ወዳለችበት፣ ተመልሳ ወደ ጀርባዋ። ጣቷን በሁለቱ መሀል አኑራ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አልበሙን ከእጇ ተቀብዬ፣ ደህና ያልተለጠፈ ጥግ እንዳለ ሁሉ፣ ሥዕሎቹን በአውራ ጣቴ ስጫን ቆየሁ።